እበት በአረቄ መለኪያ

ባለፈው ሳምንት ሆዴን ሲቆርጠኝ ሰነበተና ልጆቼ ቢነዘንዙኝ ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነገሌ ውስጥ ወረፋ የሌለበት ቦታ የለም። ጠብቄ ጠብቄ ላቦራቶሪው መስኮት ጋ ስደርስ፣ አንዲት ፊቷ የማይፈታ ቀጭን ልጅ ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ዘረጋችልኝና «እማማ፣ ሰገራ ይዘው ይምጡ» አለችኝ። እኔን! ዕድሜ ልኬን የላሙን እበት፣ የፍየሉን በጠጥ፣ የአህያውን ፋንድያ «አምጡ» እያልኩ የኖርኩትን ሴትዮ! ተራዬ ደረሰ ብዬ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ትንሽ ፈቀቅ አሉ።

ታዝዤ አመጣሁላት። ወንበር ላይ ተቀምጦ መጠበቁ ግን አልሆነልኝም። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር አንገቴን አስግጌ አየሁ። ልጅቷ ስላይዱ ላይ ያኖረችው ነገር በጣም ወፍራም ነው። «ልጄ፣ ትንሽ አቅጥኚው። ከሥሩ ጋዜጣ ቢያስቀምጡ ፊደሉ የሚነበብ መሆን አለበት» አልኳት። ቀና ብላ ገላመጠችኝና «እማማ፣ እባክዎ ውጭ ይጠብቁ» አለች። ውጭ ጠበቅኩ። እሷ ግን አቀጠነችው፤ በዐይኔ በብረቱ አይቻለሁ። አሜባ ተገኘብኝና ኪኒኔን ይዤ ወጣሁ። ወደ ቤቴ ስሄድ ሆዴ መቁረጡን አልተወም፣ አሳቤ ግን ቦረና ውስጥ፣ ዱብሉቅ ገብቶ ነበር።

ያኔ ገና ሃያዎቹን መጀመሬ ነው። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት ሆኗል። አባቴ የደብረ ማርቆስ ሰው ነው፤ ነገሌ ጦር ሰፈር ወታደር ሆኖ መጥቶ እዚሁ የቀረ። እናቴ የወደራ ጉጂ ናት። ቤታችን ውስጥ ቁጣው በአማርኛ፣ ምርቃቱ በኦሮምኛ ነበር፤ ከሁለቱም ድርሻዬን ወስጄ አድጌአለሁ። የእንስሳት ጤና ትምህርት ቤት ገብቼ፣ የላቦራቶሪ ሙያ ተምሬ ስመለስ የሰፈሩ ሰው «ዶክተር» ብሎ ሊጠራኝ ተሰናድቶ ነበር። ሥራዬ እበት መመርመር መሆኑን ሲሰማ «የእበት ዶክተር» አለኝና ተገላገለ። እናቴ ከሁሉም ባሰች። «ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረሽ እበት? እበትማ እዚሁ በረት ውስጥ ሞልቶልሽ አልነበር እንዴ?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ፌዝ አይዋጥልኝም። እየሳቅኩ አልፋቸውና ቤት ገብቼ ትራሴን በቡጢ እላለሁ።

ቦና የምንለው ደረቁ ወቅት ሲጋመስ፣ ዱብሉቅ ላይ ደስታ ገባ የሚል ወሬ ደረሰን። የዛሬ ልጆች ደስታን አያውቁትም፣ እሰየው፣ አይወቁት። የከብት በሽታ ነው። ከብቱ ዐይኑ ያለቅሳል፣ አፉ ይቆስላል፣ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ አንዱ ከሌላው እየተቀበለ በረቱ ባዶ ይቀራል። ለምን ደስታ እንዳሉት የነገረኝ የለም። በክፉ ስም ቢጠሩት የሚቆጣ መስሏቸው አቆላመጡት መሰለኝ። በእኛ አገር የፈሩትን ነገር ማቆላመጥ የተለመደ ነው።

አለቃችን ዶክተር ታፈሰ፣ ሹፌራችንና እኔ በአሮጌዋ ላንድሮቨር በአሬሮ በኩል ተነሣን። ዶክተር ታፈሰ ዝምተኛ ደገኛ ነበር። ከአፉ የማይጠፋ ቃል ቢኖር «ካልተረጋገጠ» ነው። ሚስቱ «ወጡ ጣፈጠህ?» ብትለው እንኳ «ካልተረጋገጠ» የሚላት ይመስለኝ ነበር። ማይክሮስኮፑን እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ ታቅፌዋለሁ። ኤሌክትሪክ የማይፈልግ፣ ከሥሩ ባለች ትንሽ ክብ መስታወት የፀሐይ ብርሃን ለቅሞ የሚሠራ ዓይነት ነው። መንገዱ ቀይ አፈር፣ ግራና ቀኙ ኩይሳና እሾህ ነው። አሬሮ ላይ በግመል ወተት የተፈላ ሻይ ጠጣን። የግመል ወተት ሻይ ጨው ጨው ይላል፣ የጭስም ሽታ አለው፤ መጀመሪያ ፊት ያስጨማድዳል፣ ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ግን ይለመዳል። ዶክተሩ ሁለተኛውን ሳይደርስ ተወው።

ከአሬሮ ወጥተን አንድ ደረቅ ወንዝ ስንሻገር ሹፌራችን መኪናዋን ድንጋይ ላይ አዘለላት። ከኋላችን ኪልል የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማይክሮስኮፑ እኔ ጋ ስለነበር ተርፏል። ከኋላ የነበረው ሳጥን ግን፣ የተዘጋጀው የመመርመሪያ ፈሳሽና የመስታወት ቱቦዎቹ፣ እንዳለ ዱቄት ሆኗል። የተረፉት ስላይዶቹና ስስ መክደኛዎቻቸው ብቻ ናቸው። ሹፌሩ ላይ ጮህኩበት። «አንቺ ልጅ፣ የምነዳው መኪና ነው እንጂ አልጋ አይደለም!» ብሎ እሱም ጮኸብኝ። ዶክተሩ መካከላችን ሆኖ መነጽሩን ይጠርጋል።

ዱብሉቅ ስንደርስ መጀመሪያ የተቀበለን አቧራው ነው። ከአቧራው ሥር ከብት፣ ከከብቱ መካከል ሰው፤ ሁሉም ወደ ጉድጓዶቹ የሚሄድ ወይም ከጉድጓዶቹ የሚመለስ። የቦረና ጉድጓድ ያላየ ሰው ጉድጓድ ሲባል ሌላ ነገር ያስባል። ከብቱ ራሱ እየወረደ የሚገባበት ረጅም የተቆፈረ መንገድ አለው። በመንገዱ መጨረሻ የጭቃ ገንዳ አለ። ከገንዳው በታች ደግሞ ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ውሃውን በባልዲ እየተቀባበሉ ከምድር ሆድ ያወጡታል። በቦና ዘመን ያ ውሃ በተራ ነው። የአንዱ መንጋ ጠጥቶ ሲወጣ የሌላው ይገባል፤ ተራ ያመለጠው ሰው ቀኖች ይጠብቃል። ይህን ተራ የሚያስጠብቀውን ሽማግሌ አባ ኸሬጋ ይሉታል። የዚያ ጉድጓድ አባ ኸሬጋ ኦቦ ገልገሎ ይባሉ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው።

ደስታ ገባባት የተባለችው አዴ ዳርሚ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ከብቶቿን ከሌላው ከብት ለይተው ከኮረብታው ማዶ፣ ግራር ሥር እንድታቆም አድርገዋታል። ስንደርስ ቆማ ጠበቀችን። «አካም፣ ናጋ?» ተባባልን። በኦሮምኛ ሳናግራት ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ።

«ያለፈው ተራዬ አለፈኝ» አለችኝ። «የሚቀጥለው ነገ ጠዋት ነው። ነገም ካለፈኝ ተራ የሚያስፈልገው ከብት አይኖረኝም። ነፋሱ ከዚያ ወዲህ ሲነፍስ ውሃው ይሸታቸዋል። ይጮኻሉ። ምን ልበላቸው?»

ላሞቹ ዐይናቸው ጎድጉዶ ጎናቸው ተጣብቋል። አንዷ መጥታ የእጄን ላብ ላሰችው። እውነቱን ልናገር፣ እዚያው አለቀስኩ። ለከብት ማልቀስ ያሳፍራል የሚል ሰው ካለ ጥም የያዛት ላም አላየም ማለት ነው።

ዶክተር ታፈሰ እጅጌውን ሰብስቦ ሁሉንም አንድ በአንድ መረመረ። አፋቸው ንጹሕ ነው፣ ቁስል የለም። ዐይናቸው አያለቅስም። ትልልቆቹ ከጥም በቀር ምንም የላቸውም። የታመሙት ጥጆቹና ገና ጡት የተዉት ናቸው፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዟቸው ጀርባቸውን ቆልምመው ያምጣሉ። ዶክተሩ ወደኔ ዞር ብሎ ቀስ ብሎ «ኮክሲዲያ ይመስለኛል» አለ። ኮክሲዲያ በአንጀት ውስጥ የሚፈለፈል፣ በዐይን የማይታይ ተውሳክ ነው። የሚጎዳው በተለይ ጥጆችን ነው፣ ጥጃውም በኪኒን ይድናል። ከዚያ ያቺን ቃሉን ጨመረባት፦ «ግን ካልተረጋገጠ...»

ኦቦ ገልገሎም የፈለጉት ማረጋገጫ ነው። ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥተው ዘንጋቸውን ተደግፈው አዳመጡ፤ እኔ አስተረጉማለሁ።

«ዶክተር፣ ደስታ አይደለም ትላለህ። እሺ። በእጅህ ይዘህ ልታሳየኝ ትችላለህ?»

«ደሙን አዲስ አበባ ልከን ውጤቱን...»

«መቼ ይመጣል?»

«ሳምንታት ይፈጃል» አለ ዶክተሩ።

«እኔ ሴትዮዋን አልጠላም» አሉ ኦቦ ገልገሎ። «ባሏ ጓደኛዬ ነበር። ነገር ግን ብከፍትላትና ደስታ ቢሆን፣ በዚያ ገንዳ የሚጠጣ ከብት ሁሉ በእኔ እጅ ያልቃል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሽማግሌ ተቀምጦ የነገውን ተራ ይናገራል። እስከዚያ የማየው ነገር ከሌለ ዳርሚ አትገባም።»

እኔ ሲበዛ ችኩል ነኝ። አፌ ከአሳቤ ይቀድማል። «ፀሐይ ሳትጠልቅ አሳይዎታለሁ!» አልኩ።

ዶክተር ታፈሰ በአማርኛ፣ በጥርሱ መካከል፣ «በምንሽ?» አለኝ። ፈሳሻችን አሬሮ ማዶ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ፈስሷል።

ነገሩን ላላወቀ ሰው ልንገር። እበት ውስጥ ያለ ተውሳክ ከእበቱ ጋር ተደባልቆ ስለሚቀመጥ በቀላሉ አይታይም። እበቱን ጨው በጠገበ ውሃ ቢበጠብጡት ግን ውሃው ከጨው ብዛት ይከብድና፣ ቀላሉ ተውሳክ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ቆሻሻው ወደ ታች ይሰጥማል። ከላይ ያለውን በስስ መክደኛ አንሥቶ ማየት ነው። እንግዲህ የሚያስፈልገው ጨው ነው፤ ዱብሉቅ ደግሞ ጨው የማያጣ ከተማ ነው። ከዚያ ሳይርቅ ሶዳ የሚባለው ቦታ፣ በትልቅ ገደል ውስጥ የተኛ ጥቁር ሐይቅ አለ። ወንዶቹ እየጠለቁ ጨዉን ከሥሩ ያወጣሉ፤ አህዮች ተሸክመው ገደሉን ይወጣሉ። ጥቁሩ ጭቃማው ለከብት ነው፣ ነጩ ለሰው።

ገበያው ዳር አንዲት ሻይም አረቄም ጨውም የምትሸጥ፣ እትዬ ብርቄ የምትባል የወታደር ሚስት ነበረች። እሷ ቤት ገባሁና ችግሬን ነገርኳት። የመስታወት ቱቦ ስለሌለኝ የአረቄ መለኪያዎቿን ለመንኳት።

«ለምን?»

«እበት ልበጠብጥበት።»

«ወይ ጉድ! አንቺ ልጅ አብደሻል?» አለችና መለኪያዎቹን ደረቷ ላይ ሰበሰበቻቸው። ዳርሚ ስል ግን ቀዘቀዘች። «የዳርሚ ከብት? እሷ እኮ በዚያ ክፉ ዘመን ለልጄ ወተት ያመጣች ሴት ናት። ውሰጂ! ሻይ ማጥለያውንም ውሰጂ!»

ከችኮላዬ ብዛት በቅርብ ያገኘሁትን ጨው ከበር ላይ ዘገንኩ፤ ጥቁሩን፣ የከብቱን። የከብት እበት ስለምመረምር የከብት ጨው የሚስማማ መስሎኝ ነበር መሰለኝ፣ እኔ እንጃ! በጠበጥኩ፣ ጠበቅኩ፣ መክደኛውን አነሣሁ፣ ማይክሮስኮፑን ከደጅ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ዐይኔን ደቀንኩ። ዙሪያዬን ሰው ከቦኛል።

«ማል አርግቴ? ምን አየሽ?» አሉ ኦቦ ገልገሎ።

ያየሁት የሶዳን ሐይቅ ወለል ነው። ጥቁር በጥቁር ላይ፣ ቅንጣት በቅንጣት ላይ።

«ጭቃ» አልኩ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ጎረምሳ «ጭቃማ እኛም ያለ መስታወት እናያለን!» አለ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። አዴ ዳርሚ ዳር ቆማ አልሳቀችም፤ የሷን ፊት ማየት ነው ያቃተኝ። ኦቦ ገልገሎም አልሳቁም። እጃቸውን አነሡና ሰዉ ጸጥ አለ።

«ደግመሽ ሥሪ» አሉኝ። «ግን አሁን እበቱን የማመጣው እኔ ነኝ። ከተለያየ መንጋ አመጣልሻለሁ፤ የማን እንደሆነ አልነግርሽም። በሽታ ያለበትን አንቺ ትነግሪናለሽ። መስታወትሽ ለሁሉም አንድ ነገር የሚናገር ከሆነ ያን ጊዜ እናውቃለን።»

ትምህርት ቤት እያለሁ እንዲህ ያለ ፈተና የፈተነኝ አስተማሪ አልነበረም። እልሄ መጣ። ወደ ጓዳ ሮጥኩ። እትዬ ብርቄ ከወጥ ጨዋ ነጩን ሰጠችኝ። ውሃ አፈላሁ፣ ጨዉ መሟሟት እስኪያቅተው ድረስ ጨመርኩ፣ በንጹሕ ሻሽ አጠለልኩት። ትኩስ እንደሆነ ተውሳኩን ያበላሸዋልና ድስቱን በረጠበ ጆንያ ጠቅልዬ ነፋስ ላይ አኖርኩት። መጥገቡን ለማወቅ ጥሬ የዶሮ እንቁላል ጣልኩበት። እንቁላሉ ቂብ ብሎ ወጥቶ ግማሽ ጀርባውን አሳየኝ። እትዬ ብርቄ በጥፊ ጭኗን መታች። «አቤት! ስንት ዓመት ጨው ስሸጥ ይሄን አላውቅም!» አለች።

ኦቦ ገልገሎ በቅጠል የተጠቀለሉ አራት እበቶች ይዘው መጡ። የታሰሩበት ልጥ ቋጠሮው ይለያያል፤ የማን እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሰዉ መካከል ግን «ከአራቱ አንዱ የዳርሚ ነው» የሚል ወሬ ዞረ። አራት መለኪያ ደረደርኩ። እያንዳንዱን በጠበጥኩ፣ በሻይ ማጥለያው አጠለልኩ፣ መለኪያዎቹን እስከ አፍ ሞልቼ መክደኛቸውን ደፋሁባቸው። ከዚያ መጠበቅ ነው። ተውሳክ እንደ ሹመኛ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ፀሐይዋ ግን አትጠብቅም፤ ወደ ኮረብታው አዘንብላለች፣ የሻይ ቤቱ ጥላ እስከ ጠረጴዛዬ እግር ደርሷል። ዶክተር ታፈሰ ሳልጠይቀው ጠረጴዛውን በአንድ በኩል ያዘ፣ ሹፌራችን በሌላ በኩል፤ ከጥላው አወጡልኝ። ጥላው ሲከተለን እንደገና አወጡልኝ። ከሹፌሩ ጋር የታረቅነው እዚያ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን አየሁ። የሣር ቁራጭ፣ የአየር አረፋ፣ ሌላ ምንም።

ሁለተኛውን ደቀንኩ። መስታወቷን ወደ ፀሐይ ጠመዘዝኩ፣ ወለል አለልኝ። እነሆ! ክብ ሞላላ፣ ዙሪያቸው የጠራ መስመር የተከበበ፣ እንደ ፈሰሰ ምስር የተበተኑ፣ የትም ባዞር እነሱ። ከዚህ በፊት በመጽሐፍ ሥዕልም፣ በነገሌ ላቦራቶሪም አይቻቸዋለሁ፤ እንደዚያን ቀን ቆንጆ ሆነው ግን አይቻቸው አላውቅም።

ሦስተኛው ንጹሕ ነው።

አራተኛውን ደቀንኩ። እዚያም አሉ። እንደ ሁለተኛው አልተትረፈረፉም እንጂ ሞልተዋል።

ከአራቱ አንዱ የዳርሚ ነው ተብሏል፤ እኔ ያገኘሁት ሁለት ነው። መለኪያው በደንብ አልታጠበ ይሆን? ማንኪያው ነክቶት ይሆን? ከዚያው መለኪያ ሌላ ስላይድ ሠራሁ። አሉ። ብርሃኑ ብርቱካንማ ሆኗል፤ ከዚህ በኋላ ማየት አይቻልም። ዶክተሩን ጠራሁት። ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ።

«ሁለት ናቸው» አለኝ በሹክሹክታ። «ምን ልትዪ ነው?»

«አንድ ብል ደስ ይላቸዋል።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

«ሁለት ነው የምለው» አልኩ። «ያየሁትን ነው የምናገረው።»

«በይው እንግዲህ» አለ። ያ ካልተረጋገጠ የሚለው ሰው፣ ከአጠገቤ ቆሞ ትከሻውን ከትከሻዬ አስተካከለ።

በኦሮምኛ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። «አንደኛውና ሦስተኛው ንጹሕ ናቸው። በሽታው ሁለተኛውና አራተኛው ውስጥ አለ። በሁለቱም ያለው አንድ ዓይነት ተውሳክ ነው።»

ማጉረምረም ተነሣ። «ሁለት? የዳርሚ አንድ ነው እኮ!» ያ ጎረምሳ «አላልኳችሁም!» አለ። አዴ ዳርሚ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔ ኦቦ ገልገሎን ብቻ አያለሁ። እሳቸው ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ እያነሡ አገላበጧቸው፤ ከዚያ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ሁለተኛው የዳርሚ ነው» አሉ። «አራተኛው የእኔ ነው።»

ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ጥጃዬ ዛሬ ጠዋት ደም አስቀመጠ። ለማንም አልተናገርኩም፤ መጀመሪያ እውነቱን ማወቅ ፈለግኩ። ደስታ ቢሆን ነገ ከዳርሚ ቀድሜ የማባርረው የገዛ ከብቶቼን ነበር። ይህች ልጅ እኛን ደስ ለማሰኘት አንድ ብትል ኖሮ መስታወቷን አላምንም ነበር። ዱጋ፤ እውነት ተናግራለች።»

ከዚያ ረጅሙን ወገባቸውን አጥፈው ማይክሮስኮፑ ላይ ጎነበሱ። አንዱን ዐይናቸውን በመዳፋቸው አስሸፍኜ አሳየኋቸው። የቀረው ብርሃን ጭላንጭል ነበር፤ ግን አዩ። «ይሄ ነው?» አሉ። «ይህች የምታክል ነገር ናት ከጓደኛዬ ሚስት ያጣላችኝ?»

ዶክተሩ የሚደረገውን ነገራቸው። ጥጆቹ ኪኒን ይውሰዱ፣ ከገንዳው ርቀው ለብቻቸው ይጠጡ፣ በእበት የተለወሰው ጭቃ ይጠረግ። ትልልቆቹ ግን ያለ ስጋት ይግቡ። ኦቦ ገልገሎ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። የነገው ጠዋት የመጀመሪያ ተራ የራሳቸው ነበር። ለአዴ ዳርሚ ለቀቁላት።

እኔ ምን ሆንኩ? ዘለልኩ! የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ሽማግሌ ፊት ነኝ አላልኩም፤ እንደ ሕፃን ዘለልኩ። እትዬ ብርቄ ከበሩ ላይ እልልታዋን አቀለጠችው። አዴ ዳርሚ መጥታ አገጬን ያዘችና «ሆሪ ቡሊ፣ ይብዛልሽ፣ ኑሪ» ብላ መረቀችኝ። ከዚያ ያቺ ትልቅ ሴት ልብሷን ሰብስባ ወደ ኮረብታው ማዶ ሮጠች። ለከብቶቿ ልትነግራቸው ነው የሮጠችው፤ ሌላ ምን አለ?

ጠዋት ገና ሲነጋ ወደ ጉድጓዱ ወረድን። ወንዶቹ ከታች እየዘፈኑ ውሃውን ይቀባበላሉ፤ ባልዲው ይወጣል፣ ገንዳው ይሞላል። የዳርሚ ላሞች ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ሲመጡ አይረሳኝም። መጀመሪያ ተንገዳገዱ፣ ውሃው ሲሸታቸው ግን ተጣደፉ። አፋቸውን ከተቱ። ጉሮሯቸው ከፍ ዝቅ ሲል ቆጠራ እስኪጠፋኝ አየሁ። ከታች ያሉት ዘፋኞች ዜማውን ሳይለውጡ ግጥም ጨመሩበት፤ በአንድ ዐይኗ አይታ የሁለት ዐይን ሰው ያላየውን የነገረች የነገሌ ልጅ ብለው። ለዶክተሩ ተረጎምኩለት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ተረጋገጠ» አለ።

እትዬ ብርቄ መለኪያዎቿን በአመድ አጥባ፣ በፈላ ውሃ ቀቅላ፣ አሁንም በጥርጣሬ ታያቸው ነበር። «ማን ደፍሮ ይጠጣባቸዋል?» ስትል ሹፌራችን «እኔ!» ብሎ ተቀመጠ። ሌላ የሚነዳ ሰው ስላልነበረን የተመለስነው በማግስቱ ነው። ነገሌ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ለጎረቤት ስታወራ ደረስኩ። «ልጄ እኮ እበት አይታ...» ትላለች፣ እበት የሚለውን ቃል እንደ ወርቅ እያነሣች። እንዳልሰማ ሆኜ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። በነገሌ ዙሪያ፣ በሊበን ገጠር ለገጠር ዞሬአለሁ፣ ኤሌክትሪክ ያለው ማይክሮስኮፕም ደርሶኛል፣ ደም የሚያሽከረክረውም ማሽን መጥቶልኛል። ያገኘሁትም አለ፣ ያመለጠኝም አለ። ደስታ የሚባለው በሽታም ከምድር ገጽ ጠፍቷል አሉ፤ ነፍሱን አይማረው።

ነገሌ የወታደር ከተማ ናት። እድር ላይ ስንቀመጥ፣ አብረውኝ ያረጁት ወንዶች የማያልቅ የድል ወሬ አላቸው። እገሌ ግንባር እንዲህ አደረግን፣ እገሌ ተራራ ላይ እንዲህ ጣልናቸው ይላሉ። እነሱ ሲጨርሱ እኔም የዱብሉቁን አወራለሁ። ስንት ጊዜ ሰምተውታል፤ ግን አያቋርጡኝም። አንዱ አሮጌ ሃምሳ አለቃ ባለፈው ለምን ደጋግመው እንደሚያስወሩኝ ነገረኝ። «በአንቺ ድል ማንም አልሞተበትም» አለ። «ሁሉም ጠጥቶ ወደ ቤቱ ገባ።»